አፍሮም የዘረጋው መስመር

አፍሮም ሰው አያምንም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱ በኩራት የሚናገረው ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ኦሮራ ውስጥ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ካለው ቤቱ ሲደርስ ቀድሞ የሚያየው በሩን ሳይሆን መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ነው። የማያውቀው መኪና ሁለት ቀን እዚያው ካደረ ታርጋውን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ የቅናሽ ካርድ ሲሰጡት "ምን እንደምበላ ለማን ልትናገሩ ነው?" ብሎ ይመልሳል፤ በዚህ የተነሳ ዐሥር ዓመት ሙሉ ወተት ከሰው ሁሉ በውድ ሲገዛ ኖሯል። ሚስቱ ጽጌረዳ "የአንተን ምግብ ማወቅ የሚፈልግ ሰላይ ካለ እኔ ጋ ላከው፤ ሽሮ ነው ብዬ በነፃ እነግረዋለሁ" ትለዋለች። እሱ አይስቅም።

እንዲህ የሆነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ ቴክኒሺያን ነበር። ሁለት ዓመት ሶቭየት ኅብረት ልከው አስተምረውታል፤ ሲመለስ ረጃጅም የሽቦ መደርደሪያ ያለበት አዳራሽ ውስጥ መደቡት። አንዳንድ ቀን ፊርማ የሌለው ቁራጭ ወረቀት ይመጣለታል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ። አፍሮም ሥራውን ያውቃል። ከዚያ ቁጥር ላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ ይቀጥልና በአዳራሹ ጫፍ ወደ አንዲት ዝግ ክፍል ከሚገባው ገመድ ጋር ያገናኛል። መያዙን ለማረጋገጥ ጆሮውን ሲደግን የሰዎቹን ወሬ ይሰማል፦ የልጅ ክርስትና፣ የወገብ ሕመም፣ የቤት ኪራይ። ከዚያ በኋላ እነዚያ ሰዎች ምን እንደሆኑ አልጠየቀም። ስንት ወረቀት እንደመጣለትም ለጽጌረዳ እንኳ ነግሯት አያውቅም። መሃል የተቀመጠ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ግን ከማንም በላይ ያውቃል፤ መሃል ያስቀመጠው እሱ ነበራ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ በናይሮቢ በኩል ዴንቨር ገባ፤ ታክሲ ያዘ፤ ዓመታቱንም ከኤርፖርት ዳውንታውን ሲመላለስ ፈጃቸው። በፈረንጆቹ 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጊዜ እናቱ ወይዘሮ ለተብርሃንና የመጨረሻው ወንድሙ ሃብቶም ኤርትራውያን ናችሁ ተብለው ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ተባረሩ። እህቱ ስምረት ወልደየስ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ስልክም ተቆረጠ። እናትና ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል በማይፈጅ በረራ ርቀት ላይ ሆነው ድምፅ ለድምፅ መሰማማት አልቻሉም።

ያኔ የአፍሮም እሑድ ጠዋት ተጀመረ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በአንዱ መስመር አስመራ ይደውላል፣ በሌላው አዲስ አበባ፤ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሁለቱን ያገናኛል። ኦሮራ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ብዙ ነበር። የአፍሮም ችግር እናቱ መስመሩን አለማመናቸው ነው። "ደህና ነን፤ ሁሉም ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ስምረት ደግማ ስትጠይቃቸው ያንኑ ይደግማሉ። ስልክ ይሰማል ብሎ ያስተማራቸው ራሱ አፍሮም ነበር።

ወይዘሮ ለተብርሃን ደግሞ ዝምታ የሚያውቁ ሴት አልነበሩም። ሰው ሳያሙ አንድ ቀን ውለው አያውቁም፤ ሲያሙም ድምፁን አስመስለው፣ አረማመዱን ጨምረው ነው። ጎረቤት ራሱን ሲታማ ሰምቶ ስቆ የሚሄድበት ቤት ነበር የነአፍሮም ቤት። ስለዚህ አፍሮም በዚህ ዓለም ላይ አጥብቆ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ እናቱ ከመሞታቸው በፊት፣ እንደ ድሮው፣ ሳይፈሩ ሲያወሩ መስማት። ለዚያ ደግሞ ማንም የማይሰማው መስመር ያስፈልጋል።

ከአንድ የተዘጋ ቢሮ ዕቃ ሲሸጥ ያረጀ ኮምፒውተር ገዝቶ ከቤቱ ሥር ባለው ቤዝመንት ውስጥ ከማሞቂያው አጠገብ አቆመው። ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነፃ የሚታደለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት። ሰው ዘግቶ የሰጠውን ሳይሆን ኮዱ፣ ማለት የውስጥ ጽሑፉ፣ ክፍት የሆነውን፣ ማንም ገልጦ ሊያነበው የሚችለውን ፕሮግራም ብቻ ነው የሚፈልገው። መመሪያዎቹን ላይብረሪ ሄዶ ፕሪንት አያደርግም፤ ምን እንዳተምኩ ይመዘግባሉ ብሎ። በእጁ ነው የሚገለብጠው። በደብተሩ ግራ በኩል የፕሮግራሙን ስም ይጽፋል፤ በቀኝ በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ፦ "መሃል የሚቀመጠው ማነው?"

መጀመሪያ በር ጠባቂ ፈለገ። ሃብቶም ፎቶና የተቀረጸ ድምፅ የሚያስቀምጥበት ገጽ ሊሠራ ነበርና፣ ኮምፒውተሩን ዝም ብሎ ለዓለም መግለጥ አልፈለገም። ሪቨርስ ፕሮክሲ የሚባለው ዓይነት ፕሮግራም ደጅ ላይ ቆሞ እንግዳውን ይቀበላል፣ መልእክቱን ወደ ውስጥ ያደርሳል፣ መልሱን ያመጣል፤ እንግዳው ግን ውስጥ ማን እንዳለ አያይም። አፍሮም ሦስት አወዳደረ። አፓቺ ሁሉን ይችላል፤ አፍሮም ደግሞ ሁሉን እችላለሁ የሚል አይወድም። ፓውንድ ትንሽ ነው፣ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ወደደው። ኤንጂን ኤክስ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ግን ያኔ ሙሉው መመሪያ በሩሲያኛ ነበር፣ እንግሊዝኛው ፈቃደኞች የተረጎሙት ነው። ሌላው ሰው በዚህ የተነሳ ትቶት ሲሄድ አፍሮም ደስ አለው። ከአቧራ ውስጥ የድሮ መዝገበ ቃላቱን አውጥቶ ሩሲያኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር መስመር በመስመር አስተያየ፤ ተርጓሚዎቹ ምን ደብቀው ይሆን ብሎ። የደበቁት ነገር አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ኤንጂን ኤክስን መረጠ፤ ዋናውን በራሱ ዓይን ያነበበው እሱን ብቻ ነበርና።

የድምፁ መስመር ግን ከበሩ ይከብዳል። በነፃ የሚታደል፣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ኮዱ ዝግ ስለሆነ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ አለፈው። ኤንቱኤን የሚሉት አዲስ የወጣ ነበር፤ "ሱፐር ኖድ" የሚል ቃል፣ መሃል ሆኖ ሌሎቹን የሚያገናኝ ማሽን ማለት ነው፣ ሲያይ ያንንም ሰረዘ። በኢንተርኔት ውስጥ የተቆለፈ የግል መስመር ከሚዘረጉት የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ ኦፕን ቪፒኤንና ቲንክ። በቀኝ በኩል ላለው ጥያቄ ለኦፕን ቪፒኤን "እኔ" ብሎ መለሰ፤ ሁሉም ነገር እሱ ቤት ባለው ሰርቨር በኩል ስለሚያልፍ። ለቲንክ "ማንም" ብሎ ጻፈ፤ እሱ መረብ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሁለቱን መልሶች አየና "እኔ" የሚለውን መረጠ።

ይህን ያጫወተው ለእንዳልክ ነው። እንዳልክ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ኮምፒውተር የተማረ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ታክሲ ነጂ ነው። ኤርፖርቱ ታክሲ ማቆያ ሜዳ ላይ ተራ ሲጠብቁ ሁለት ሦስት ሰዓት ያልፋል፤ ሌላው ዳማ ሲጫወት እነሱ ስለ ኔትወርክ ይከራከራሉ። እንዳልክ ሰውን ሁሉ የሚያምን ዓይነት ነው፤ መኪናውን ሳይቆልፍ ሽንት ቤት ይሄዳል።

"ጋሽ አፍሮም፣ እርስዎ የሚፈሩት መሃል የሚቀመጠውን ሰው አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ! ቲንክ መሃል የሚባል ነገር የለውም። በኦፕን ቪፒኤኑ ግን እህትዎ ከእናትዎ ጋር ስታወራ ድምጿ ከአዲስ አበባ ኦሮራ መጥቶ ነው አስመራ የሚመለሰው። አንድ ፓሴንጀር ዳውንታውን ውሰደኝ ቢልዎ በካንሳስ ዞረው ይወስዱታል?"

"መሃል ያለሁት እኔ ነኝ እኮ።"

"እሱስ ነው ያስቸገረን!" አለና እንዳልክ ከት ብሎ ሳቀ።

አፍሮም አልሰማውም። ኦፕን ቪፒኤኑን ዘረጋ። ስምረት አዲስ አበባ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስላላት ኢንተርኔት አላት። ሃብቶም አስመራ ውስጥ ኢንተርኔት ካፌ ነው የሚሠራው፤ ቤታቸው ከካፌው በላይ ስለሆነ ገመዱን በመስኮት ስቦ እናቱ አልጋ አጠገብ አደረሰው። ሞከሩት። ድምፁ አትላንቲክን ተሻግሮ ስለሚመለስ ይዘገያል፤ ስምረት ተናግራ ስታበቃ እናቷ ገና ሰላምታውን ይሰማሉ። ወይዘሮ ለተብርሃን ለአፍታ አዳመጡና ፈረዱ። "ይሄ አንድ ሰው እየሰማ ነው የሚያቀብለን። ደህና ነን፣ ልጄ። ሁሉም ደህና ነው።"

አፍሮምን ያሸነፈው የእንዳልክ ክርክር ሳይሆን የእናቱ ፍርድ ነው። እውነታቸውን ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2008 ግንቦት ላይ ደግሞ አንድ ዜና መጣ፤ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ሌላ ሰው በቀላሉ ገምቶ ሊደርስበት የሚችል የምስጢር ቁልፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወጣ ኖሯል ተባለ። ዓለም ተደናገጠ፤ አፍሮም ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ። "አላልኩም?" እያለ ጽጌረዳን ከክፍል ክፍል ተከተላት። ቁልፉን ሁሉ እንደገና ሠራ፤ ሲሠራም ወደ ቲንክ ዞረ። ሦስቱን ማሽኖች ማንም እንዳያውቃቸው በልጅነት ቤታቸው ክፍሎች ሰየማቸው፤ የራሱን ሳሎን፣ የአስመራውን ጓዳ፣ የአዲስ አበባውን በረንዳ አላቸው። ካፌው ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ነው ብሎም የአስመራውንና የአዲስ አበባውን ማሽኖች ዋና የይለፍ ቃል ራሱ ዘንድ አስቀረ። እንዳልክ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "መሃል የሌለው መረብ ዘርግተው መሃሉ ላይ ተቀመጡበት፣ ጋሼ!"

ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አፍሮም ቤዝመንት ወርዶ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገ። ስምረት ገባች። ሃብቶም ማይኩን ለእናቱ ሰጠ።

"አሁን መሃል ላይ ማን አለ?" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

"ማንም የለም፣ እማዬ። ቀጥታ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።"

"አንተው?"

"እኔው።"

 ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲያውስ ስሙኝ። ይቺ ከታች ያለችው የካፌው ባለቤት ሚስት፣ ጫማዋን አይታችሁልኛል? ዳክዬ እኮ ነው የምትመስለው ስትራመድ" ብለው ጀመሩ። አርባ ደቂቃ አወሩ። ሴትየዋን፣ ባሏን፣ የባሏን እናት፣ የደብሩን ዘበኛ አንድ በአንድ አስመስለው አሳዩ። ስምረት በሳቅ ፈረሰች። አፍሮም ሲስቅ እንባው ወረደ፤ ጽጌረዳ ምን ሆነ ብላ ከፎቅ ወርዳ ስታየው፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሆነው ሰውዬ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ዓይኑን ያብሳል። ያ የኦሮራ በጋ ከሕይወቱ ሁሉ ደስ ያለው ጊዜ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ነገሩ ተለወጠ። አንድ እሑድ ሃብቶም "ተኝታለች" አለ። በሚቀጥለው "ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች" አለ። ያን ጊዜ አስመራ ወደ ማታው እየተቃረበ ነበር፤ ቅዳሴ ካለቀ ስንት ሰዓቱ! በሦስተኛው "ጉንፋን ይዟት ድምጿ ዘግቷል" አለ። አፍሮም ሦስቱንም ምክንያት ደብተሩ ላይ ጻፋቸው። የተጻፈ ነገር ሲያይ ደግሞ አእምሮው ያርፋል ማለት ዘበት ነው።

የማሽኑን መዝገብ ከፍቶ ማየት ጀመረ። ጓዳና በረንዳ ድሮ የሚገናኙት እሑድ እሑድ ነበር። አሁን በየቀኑ፣ ለብዙ ሰዓት ነው። ሰኞ አራት ሰዓት። ማክሰኞ አምስት። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል። እርስ በርሳቸው በቀጥታ ስለሆኑ በሱ ቤት የሚያልፍ ነገር የለም፤ መገናኘታቸውን ያያል እንጂ ምን እንደሚነጋገሩ አያውቅም።  በቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ምን ይወራል? እናቱ የሉም፤ ተኝተዋል፣ ሄደዋል፣ ድምፃቸው ዘግቷል። ታዲያ ማን ነው የሚያወራው?

እንግዲህ ጠርጣራ ሰው ጥያቄ ካገኘ መልሱን ከየትም ያመጣል። አንድ ሰው ካፌው ድረስ መጥቶ ሃብቶም ጎን ተቀምጧል፤ መስመሩን ክፍት አድርግ ብሎታል፤ እናቱን አስፈራርተዋቸዋል። አፍሮም ይህን ካሰበ በኋላ ሁሉም ነገር ገጠመለት። መስመሩን ማን አወቀ? ከቤተሰቡ ውጭ እንዳልክ ብቻ። ያው እንዳልክ ባለፈው ቅዳሜ ሃበሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከጽጌረዳ ጋር ሲያወራ ነበር፤ አፍሮም መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ሁለቱም ዝም አሉ። ሰኞ ዕለት ደግሞ ማቆያው ሜዳ ላይ "ጋሽ አፍሮም፣ ሰሞኑን እሑድ እሑድ ይሠራሉ?" አለው።

"ለምን ጠየቅከኝ?"

"እንዲሁ ነው።"

እንዳልክ እንዲሁ የሚጠይቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኑን አላየውም።

ሐሙስ ቀትር ላይ አፍሮም ከስቴፕልተን ሰፈር አንዲት ሴትዮ ኤርፖርት አድርሶ፣ ተራውን ትቶ ቤቱ ተመለሰ። ቤዝመንት ወረደ። አንድ ትእዛዝ ወደ አስመራ ላከ፣ አንድ ትእዛዝ ወደ አዲስ አበባ፣ የመጨረሻውን እዚያው ኦሮራ ላይ ጻፈ። ሦስቱ ክፍሎች ተለያዩ። ደቂቃም አልፈጀ። ሲጨርስ የሆነ እፎይታ ተሰማው፤ ያ እፎይታ ከወጣትነቱ የሚያውቀው ነበር፣ ግን ከየት እንደሚያውቀው ያን ቀን አላሰበበትም። ለማንም አልተናገረም።

ዓርብ ጠዋት ማቆያው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ስምረት ናት።

"ወንድም ጋሼ፣ መስመሩ ጠፋብን።"

"ብልሽት አለ። እያየሁት ነው።"

"ዛሬ ይስተካከላል?"

"ለምን ዛሬ?"

"እንዲሁ። እማዬን ላዋራት ነበር።"

"እሑድ በስልክ አገናኛችኋለሁ።"

"እሑድ ሩቅ ነው።"

"እንግዲያው አሁኑኑ ላገናኛችሁ። ስልኩ በእጄ አይደል?"

"አይ! በስልክ አይሁን።"

"ለምን?"

"በስልክ አታውሩ የምትለን አንተ አይደለህ እንዴ?"

መልሱ ደህና ነበር፤ የራሱ ቃል ነው። አፍሮም ግን የሰለጠነ ጆሮ አለው፤ ከስምረት ድምፅ ኋላ የሌላ ሰው ትንፋሽ ሰማ።

"አጠገብሽ ማን አለ?"

"ወልደየስ ነው።"

"ወልደየስ በዚህ ሰዓት ሱቅሽ ውስጥ ምን ያደርጋል?"

ስምረት ማልቀስ ጀመረች። "እባክህ ወንድም ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ። ለዛሬ ብቻ አስተካክለው።" እሱ ለቅሶውን የሰማው በራሱ መንገድ ነው፤ ይዘዋታል፣ ክፈቺ ብለዋታል ብሎ ደመደመ። "አየዋለሁ" አለና ዘጋው። አላየውም።

ማታ እራት ላይ ጽጌረዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የነስምረት መስመር ተበላሽቷል አሉ። አትጠግነውም?"

"አሉ? ማን አለሽ?"

"ስምረት ደውላ።"

"አንቺ ጋ ለምን ትደውላለች? እስከ ትናንት ደህና አደርሽ ተባብላችሁ የማታውቁ ሰዎች!"

"አፍሮም፣ ተው ጠግነው። በእናትህ።"

"ምንድነው የደበቃችሁኝ?"

"ምንም።"

ጽጌረዳ መዋሸት አትችልበትም፤ ስትዋሽ ወደ ምድጃው ትዞራለች፤ ያን ጊዜም ዞረች። አፍሮም ሳህኑን ገፋ አደረገ። "ምንም ከሌለ መስመሩም ይቆይ" ብሎ ተነሳ።

ቅዳሜን ሙሉ ቤዝመንት ዋለ። ወደ መረቡ የገባ ባዕድ ካለ ብሎ መዝገቡን ከሰኔ ጀምሮ መስመር በመስመር አነበበ። ምንም አላገኘም። ምንም አለማግኘቱ ደግሞ የገባው ሰው ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ አረጋገጠለት።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ የበሩ ደወል ተደወለ። አፍሮም መጋረጃውን በጣቱ ገልጦ አየ። መንገዱ ዳር ስምንት መኪና ቆሟል፤ የእንዳልክ ታክሲም አለች። ታርጋቸውን ሁሉ ያውቀዋል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት ለብሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

ነጠላውን ሲያይ መጋረጃውን ለቀቀ። ጽጌረዳ ከኋላው ደግፋ ይዛው ነበር፤ ጥቁር ለብሳ ነበር፣ ሌሊቱን አልተኛችም። በሩን ማን እንደከፈተ አያውቅም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ሃብተጽዮን ገቡና ትከሻውን ያዙት። "አፍሮም፣ በርታ። እናትህ ወይዘሮ ለተብርሃን ትናንት አርፈዋል።"

ወገን አገር ቤት ሲሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። ሕመሙም አይነገርም፤ በተለይ መኪና ይዞ ለሚውል ሰው። ይህን አፍሮም ራሱ ያውቃል፤ ስንቱን ሰው በዚሁ ሰዓት ሄዶ አርድቷል። ወይዘሮ ለተብርሃን ከታመሙ ስድስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ሃብቶም ለጽጌረዳ ነገራት፣ ጽጌረዳ ለእንዳልክ፣ እንዳልክ ለሽማግሌዎቹ። ኦሮራ ውስጥ አርባ ሰው ያውቅ ነበር። ያልሰማ ሰው ቢኖር፣ ሁሉን ሲያዳምጥ የኖረው አፍሮም ብቻ ነው።

መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈለት፤ ሴቶቹ አለቀሱ፤ እሱም አለቀሰ። በለቅሶው መሃል ግን አእምሮው ሳይወድ መቁጠር ጀመረ። ስድስት ሳምንት። ሰኞ አራት ሰዓት፣ ማክሰኞ አምስት፣ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል። ሐሙስ።  ሰው ሲያየው ተነስቶ፣ ስልኩን ይዞ ወደ ቤዝመንት ወረደ። ራሱን ሊጎዳ ይሆን ብሎ እንዳልክ ተከተለውና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ስምረት ወዲያው አነሳችው። ሁለቱም ተላቀሱ። ከዚያ ሳይጠይቃት መናገር ጀመረች።

"ያልነገርንህ መንገድ ላይ ነህ ብለን ነው፣ ወንድም ጋሼ። ይቅር በለን። ሃብቶም ማሽኑን ትራሷ አጠገብ ያደርግልኛል፤ ሱቁን ለልጅቷ ትቼ ቀኑን ሙሉ ከሷ ጋር እውላለሁ። መጨረሻዋ ላይ እንኳ የካፌውን ሴትዮ ሳታማ አትውልም ነበር። ስትተኛ ትንፋሿን እሰማለሁ። አስታመምኳት እኮ! ያለ አንተ መስመር እንዴት አድርጌ አስታምማት ነበር?"

አፍሮም ወንበሩን ወደ ማሽኑ አዞረ።

"ሐሙስ ተቆረጠ። ሃብቶም ሌላ ፕሮግራም ከፈተልኝ፤ ይሄ ሰው ሁሉ የሚያወራበትን። ድምፄን ስትሰማ 'ይሄ አፍሮም የሠራው ነው?' ብላ ጠየቀችው። በዚያ ሰዓት እንዴት ይዋሻት? አይደለም አላት። በቃ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ነኝ እማዬ፣ ስምረት ነኝ እላታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ለመንኳት። እየሰማችኝ፣ አንድ ቃል ሳትመልስልኝ ሄደች።" ተንሰቀሰቀች። "አንተ ስትል የኖርከው ሁሉ እውነት ነው። ሲሰሙን ኖረው፣ ሞቷን ጠብቀው ቆረጡት። ምን በደልናቸው?"

ማሽኑ ፊት ለፊቱ ነው። ሐሙስ የጻፋቸው ሦስት መስመሮች ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከሱ በቀር ገልጦ የሚያያቸው የለም። ዝም ቢል ስምረት ዕድሜዋን ሙሉ እነዚያን የማታውቃቸውን ሰዎች ስትረግም ትኖራለች። ከላይ ሽማግሌዎቹ ሲጸልዩ ይሰማል።

"ስምረት" አለ። "እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

ለምን እንደሆነ አላስረዳም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ስልኩን ግን አልዘጋችም። ቆይቶ ወልደየስ ከአጠገቧ "ምን አለሽ?" ብሎ ሲጠይቃት አፍሮም ሰማ።

"እያለቀሰ ነው" አለችው።

አፍሮም ያን ጊዜ እያለቀሰ አልነበረም።